የኦቾሎኒ ጥያቄና መልስ፦ አፈሩ፣ ዝናቡና ፍሬው

የዛሬው መላሻችን ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ባቢሌና ፈዲስ አካባቢ ከኦቾሎኒ ገበሬዎች ጋር የሠሩ የግብርና ባለሙያ ናቸው።

የፈዲስ ልጅ፦ ጋሼ፣ ማሳችን ሲያዩት ያምራል። ስንነቅለው ግን ግማሹ ቅርፊት ባዶ ነው። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የጎደለው ካልሲየም ሳይሆን አይቀርም። ሥሩ የሚስበው ካልሲየም ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል። ከዚያ ወደ ታች አይመለስም። ስለዚህ ፍሬው የሚፈልገውን ካልሲየም በራሱ ቅርፊት በኩል፣ ከዙሪያው አፈር ይስባል። የላይኛው አፈር ካልሲየም ካነሰው ቅጠሉ እየለመለመ ፍሬው ባዶ ይቀራል። አሸዋማ መሬት ለነቀላ ይመቻል፤ ካልሲየም ግን አጥቦ ያወጣል። ማበብ ሲጀምር ካልሲየም ያለበትን የጂፕሰም ዱቄት መስመሩ ላይ በትኑ። አፈሩ ከደረቀም ካልሲየሙ ስለማይሟሟ ፍሬው አያገኘውም። ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ የበለጠ ይፈልጋሉ። አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈለው። መሃሉ ላይ ያለችው ቡቃያ ከጠቆረች ችግሩ ይኸው ነው። ያንን ለዘር አታስቀምጡ።

ጀማሪ፦ ምርቴ እንዲጨምር ምን ላድርግ?

መልስ፦ የት ነው የምታርሰው? አፈሩስ? ዝናቡስ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጀማሪ፦ ዩሪያ ልጨምርበት ወይ ለማለት ነው።

መልስ፦ ተው። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው፤ ኦቾሎኒ ግን ናይትሮጅኑን በሥሩ እባጮች አማካይነት ከአየር ያገኛል። እባጩን ሰንጥቀህ እየው፤ ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው።

ሰላም ከሐረር፦ ዝናብ ቀድሞ ሲቆም ፍሬው ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ብዙ። ደህና የሞላ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በሚሞላበት ሰዓት ውሃ ካጠረው ይጨማደዳል፣ ዘይቱም ይቀንሳል። የባሰው ግን ሻጋታው ነው። የመጨረሻዎቹ ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ደረቅና ሞቃት ከሆኑ፣ ፍሬው ገና መሬት ውስጥ እያለ ሻጋታ ይገባበታል። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ከነቀላ በኋላ ደግሞ እኛው እናብሰዋለን። ለመፈልፈል እንዲቀል ብላችሁ ቅርፊቱን በውሃ አታርሱ!

የፓዌ ሰው፦ ባቢሌ ስሙ ነው እንጂ የመተከል ኦቾሎኒ ይበልጣል።

የባቢሌ ልጅ፦ በምን? ቀምሰህ ነው በወሬ?

የፓዌ ሰው፦ እኛ ዘንድ ዝናቡ በቂ ነው፣ ፍሬው ይሞላል።

መልስ፦ ዝናብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ነቀላ ላይ ከደረሰ ያሻግታል። የጣዕሙን ክርክር እዚህ አቁሙልኝ።

የልጆች እናት፦ ሲቆላ መርዙ ይጠፋል አይደል?

ብርቱካን፦ አዎ እህቴ፣ እሳት ምን የማያጠፋው አለ? እኛ ሁሌ ቆልተን ነው የምንበላው።

መልስ፦ ብርቱካን፣ እባክሽ እንዲህ ብለሽ አትምከሪ። መቁላት ሻጋታውን ይገድላል። መርዙ ግን ሙቀት ስለሚችል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሚያዋጣው መልቀም ነው። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የሻገተውን አውጥታችሁ ጣሉ። ለላምም አትስጡ፤ መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል።

ነጋዴው፦ ዘንድሮ ዋጋው ይወደዳል?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

የፈዲስ ልጅ፦ መቼ እንንቀል?

መልስ፦ ከተለያየ ቦታ ጥቂት ንቀልና ቅርፊቱን ከፍተህ ውስጡን እይ። ከ10 ቅርፊት የ7ቱ ውስጠኛ ግድግዳ ከጠቆረ ደርሷል። ከዘገየህ መሬት ውስጥ ይበቅልብሃል። ነቅለህ ፍሬውን ወደ ላይ ገልብጠህ አድርቀው። ስትነቀንቀው ሲንኳኳ በጆንያ አስገባ።

አዲስ ገቢ፦ አሁን ነው የገባሁት። ስንፈለፍል ውሃ ብንረጭበት ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል፣ አንብብ። አታርሱ! ጣታችሁን ካመማችሁ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ በእጅ የሚዞር መፈልፈያ ግዙ።