ብልቃጡን ሳትመዝኑ ቁጥሩን አትመኑ

ከሕያው ቲሹ ሳይቶካይን (የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች) በማይክሮዳያሊስስ፣ ማለትም ቲሹ ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ በሚፈስበትና ሜምብሬን (ቀዳዳማ ስስ ሽፋን) ባለው ቀጭን ፕሮብ፣ መሰብሰብ ለጀመራችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ውጤቱ ሲያንስባችሁ ቀድማችሁ የምትጠረጥሩት ፕሮቲኑን የምትለኩበትን ኪት ነው። እኔ ግን ሚዛኑን አስቀድሙ እላለሁ። ፓምፑ በደቂቃ 1 ማይክሮሊትር ከገፋ፣ በሰዓት 60 ማይክሮሊትር፣ ወደ 60 ሚሊግራም ገደማ መውጣት አለበት። ብልቃጡን ባዶውን መዝኑት፤ ናሙናው ሲገባበትም እንደገና መዝኑት። 45 ሚሊግራም ብቻ ካገኛችሁና መገጣጠሚያው ካላንጠባጠበ፣ ሩቡ ፈሳሽ በሜምብሬኑ በኩል ወደ ቲሹው ሾልኳል ማለት ነው። እስከ 100 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚያሳልፍ ሜምብሬን ስትጠቀሙ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ጉዳቱ ናሙና ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚሾልከው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚሞክረውን ፕሮቲን ይገፋዋል፣ በፕሮቡ ዙሪያ ያለውንም ያቀጥነዋል።

ስለዚህ በሚገፋው ፈሳሽ ውስጥ ፈሳሹን በሜምብሬኑ ውስጥ የሚያስቀር ትልቅ የስኳር ሞለኪውል የሆነውን ዴክስትራን (60 ወይም 70 ኪሎዳልተን) 3 በመቶ ገደማ ጨምሩና ደግማችሁ መዝኑ። ክብደቱ ከ60 ሚሊግራም ካለፈ ፈሳሽ ከቲሹው እየሳባችሁ ነውና የዴክስትራኑን መጠን ቀንሱ። መውጫ ቱቦውን አሳጥሩ፤ ብልቃጡንም ከፕሮቡ ከፍታ በላይ አታስቀምጡ። ትንሽ አልቡሚን መጨመርም ፕሮቲኑ ከቱቦው ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል፤ ነገር ግን የተጨመረው ራሱ ንባቡን እንዳያዛባ፣ ቲሹ ያልነካውን ፈሳሽ ብቻውን በኪቱ ለኩት።

«100 ኪሎዳልተን» የሚለው ጽሑፍ አያታላችሁ። ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው ሳይቶካይን ሦስት ሆኖ ተያይዞ ወደ 52 ኪሎዳልተን ስለሚመዝን ከቁጥሩ በታች ነው፤ ሆኖም 8 ኪሎዳልተን ገደማ ከሆነው ሌላ ሳይቶካይን፣ ከአይኤል-8፣ እጅግ ባነሰ መጠን ያልፋል። ፍሰቱን በደቂቃ ወደ 0.3 ማይክሮሊትር ብታወርዱ ክምችቱ ይጨምራል፤ በሰዓት የሚገኘው ግን 18 ማይክሮሊትር ብቻ ይሆናል። ኪቱ 50 ማይክሮሊትር ከጠየቀ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ የቲሹው ለውጥም በዚያ ውስጥ ይደበዝዛል። ቱቦውንም አስቡ፦ ውስጡ 0.12 ሚሊሜትር የሆነ ግማሽ ሜትር ቱቦ 6 ማይክሮሊትር ገደማ ይይዛል፤ በ0.3 ፍሰት የ20 ደቂቃ ያህል መዘግየት ነው። የናሙናውን ሰዓት ስትጽፉ ይህን ቀንሱ።

ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈባቸው ጥቃቅን ዶቃዎች በፈሳሹ ውስጥ ሲፈሱ ፕሮቲኑን ውስጥ እንደገባ ስለሚይዙት የሚሰበሰበው ይጨምራል። ሆኖም በሲሪንጁ ውስጥ ይዘቅጣሉ፤ ካልተበጠበጡ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብልቃጥ አይመሳሰሉም።

በቢከር ውስጥ በ37 ዲግሪ ያገኛችሁትን የማለፍ መቶኛ ወስዳችሁ የቲሹውን ቁጥር በእሱ አታካፍሉ፤ ፕሮቲን በቲሹ ውስጥ በጠመዝማዛ መንገድ እየዞረና እየተያዘ ስለሚጓዝ እንደ ቢከሩ አይፈስም። ያንኑ ፕሮብ ከራሱ ጋር በጊዜ አነጻጽሩት። መርፌው ራሱ ቲሹውን ስለሚያቆስል አይኤል-6 እና አይኤል-8 በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይወጣሉ። እነዚያን ናሙናዎች አትጣሉ፤ ሕክምና ባልተሰጠው ወገን ሌላ ፕሮብ አስገቡና የቁስሉን ድርሻ በእሱ ለዩት።