መልስ፦ ሃሪ ብሩዊስ በዓመት አንድ ቪዲዮ ያህል ብቻ እያወጣ እንዴት ሊዘልቅ ቻለ?

ውድ ጠያቂ፣ ስለ ቪዲዮ ጨዋታና ስለ ፖለቲካ የሚተነትነው እንግሊዛዊ ሃሪ ብሩዊስ (በዩቲዩብ ስሙ ኤችቦምበርጋይ) ሥራዎቹን እያራራቀ ሲያወጣ ተመልካች እንዴት እንዳልሸሸው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ሁለት ነገሮች ረድተውታል፤ አንደኛው ተመልካቾቹ ፓትሪዮን በተባለው የድጋፍ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ በኩል በቀጥታ የሚያዋጡለት ገንዘብ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ዋናው ግን የያዘውን ጉዳይ ከሥሩ ሳይመረምር የማይለቅ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሥራ በሮብሎክስ ጨዋታ ውስጥ ከምትሰማ አንዲት አጭር ድምፅ ተነሥቶ፣ ፈጣሪዋ እኔ ነኝ ያለው ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን ሁሉ ወደ መመርመር የተሻገረ ነው። በ2023 መጨረሻ የወጣውና አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቪዲዮ ደግሞ የሌሎችን ጽሑፍ እየገለበጡ እንደ ራሳቸው ስላቀረቡ ዩቲዩበሮች ሲሆን፣ የገልባጩ ዩቲዩበር ድምፅ እየተሰማ የተገለበጠው ዋናው ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ተመልካቹ ቃል በቃል እያስተያየ በራሱ ዓይን ይፈርዳል። የሰው ድካም ለባለቤቱ ሲመለስ ማየት፣ ለእኔ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ነው።

ጨዋታና ፖለቲካ በጉልህ የተገናኙት ግን በጥር 2019 ነው፤ ዶንኪ ኮንግ 64ን ለ57 ሰዓታት ያህል በቀጥታ ሥርጭት ተጫውቶ ለትራንስጀንደር ልጆች ድጋፍ ለሚሰጠው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት መርሜድስ ከ340 ሺህ ዶላር በላይ ሲያሰባስብ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ሳትቀር በሥርጭቱ መሐል ገብታ አነጋግራዋለች።