ስክሪኑን ከመግዛትሽ በፊት ወንበሩን ለኪ

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ለምትከፍቺው የሰርግ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው የኤልኢዲ ስክሪን (በጥቃቅን መብራቶች ምስል የሚያሳየው ትልቅ ሰሌዳ) «ፒ10 ልግዛ ወይስ ዋጋው የሚበልጠውን ፒ2.5?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ደሴ ላይ በዚሁ ነገር ገንዘቤን አቃጥያለሁና አንቺ እንዳትደግሚው ልንገርሽ።

አንደኛ፦ ከ«ፒ» ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከአንዱ የመብራት ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። በባለሙያዎች ልማድ አንዱ ሚሊሜትር በአንድ ሜትር ይታሰባል፤ ፒ10 ከ10 ሜትር፣ ፒ2.5 ከ2 ሜትር ተኩል ወዲያ ጥርት ብሎ ይታያል። ሜትር ያዢና ስክሪኑ ከሚሰቀልበት ግድግዳ እስከ ፊተኛው ወንበር ለኪ።

እኔ አልለካሁም። ነጋዴው «አዲሱ ማይክሮ ኤልኢዲ ነው» ሲለኝ አመንኩት። የማይክሮ ኤልኢዲ አንዷ መብራት ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰች ናት፤ ለእኔ የተሸጠልኝ ግን መብራቶቹ አንድ በአንድ በጣት የሚዳሰሱ ተራ ፒ10 ነበር። 3.2 በ1.92 ሜትር፣ 120 ሞጁል (ተገጣጥመው ስክሪኑን የሚሠሩት ትናንሽ ሰሌዳዎች)፣ በጠቅላላው 61,440 ነጥብ። ያው ስፋት በፒ2.5 ቢሠራ 983,040 ነጥብ ይኖረው ነበር።

የመጀመሪያው ሰርግ ዕለት ካሜራው የሙሽራዋን ፊት አቅርቦ ሲያሳይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጠብጣብ ብቻ ሆነ። የቬሎዋ ጥልፍ ጨርሶ ጠፋ። አራት ሜትር ላይ የተቀመጡት እናቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩና «ልጄ የታለች?» አሉ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይቀየርልኝ ብዬ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሰውዬው ሲሸጥልኝ ቡና አስፈልቶ ነበር፤ አሁን ግን እስከ ቀትር በር ላይ አቁሞኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኙ ላይ የነጥቡ ርቀት አልተጻፈም ነበርና መሟገቻ አጣሁ። አንቺ «ፒ2.5» የሚለውን ደረሰኙ ላይ ሳታስጽፊ ብር አትክፈዪ!

ሁለተኛ፦ መለዋወጫ ሞጁል ከዚያው የምርት ዙር አብረሽ ግዢ። ዙሩ ሲለያይ ቀለሙም ይለያል፤ እኔ በኋላ ያስገባሁት አንድ ሞጁል ነጭ ምስል በመጣ ቁጥር እንደ እራፊ ጎልቶ ይታይ ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለሚሞቅ ከስክሪኑ ጀርባ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዪ፤ ሙቀት የኤልኢዲን ዕድሜ ያሳጥራል።

ፒ10ሩን አልጣልኩትም። ውኃ የማያስገባ የውጭ ዓይነት ስለነበር በገዛ እጄ አውርጄ ከአዳራሹ ደጅ ሰቀልኩት፤ በክረምቱ ጉም እንኳን ከአስፋልቱ ማዶ ይነበባል። በምትኩ ውስጥ ያስገባሁትን ፒ2.5 ገመዱን የዘረጋሁት፣ ሞጁሉን የገጠምኩት እኔው ነኝ፤ አሁን የሙሽራዋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ይታያል።

የፊተኛውን ወንበር ርቀትና የግድግዳውን ስፋት ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ስንት ሞጁል እንደሚያስፈልግሽ አስልቼ እነግርሻለሁ።