«ዘፈኑን ትቼ ቴሌቪዥን ልግባ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ለሁላችሁም እንዲገባ ጥያቄውን ባጭሩ ልድገመው። እህታችን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባህል ቤት ትዘፍናለች። ዩቲዩብ ላይ የለቀቀቻቸው ነጠላ ዜማዎችም አሏት። አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ጣቢያ የመዝናኛ ፕሮግራም አቅራቢ እንድትሆን ጠርቷታል። ለንደን የሚኖረው አጎቷ የእንግሊዟን ዘፋኝ የሲላ ብላክን ታሪክ ነግሯት «እሷም ዘፈኑን ጥላ ነው ቴሌቪዥን ላይ የነገሠችው» ብሏታል። ታዲያ እኔስ ዘፈኑን ልጣለው ወይ፣ አዲስ አበባስ ጠቅልዬ ልግባ ወይ ነው ጥያቄው።

አትጣዪው። እኔም እዚሁ ከተማ ባህል ቤትና ሰርግ ስዘፍን ኖሬ፣ ኋላ የቴሌቪዥን ድራማና የመዝናኛ ፕሮግራም ውስጥ ገብቻለሁ። ዛሬም ሁለቱንም እሠራለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

አጎትሽ ታሪኩን አሳጥሮብሻል። ሲላ እ.ኤ.አ. በ1943 ሊቨርፑል ነው የተወለደችው፤ ዋና ስሟ ፕሪሲላ ዋይት ነው። የቢሮ ታይፒስት ነበረች። ዝነኞቹ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ቢትልሶች በሚጫወቱበት ካቨርን ክለብ ደግሞ የእንግዳ ካፖርት እየተቀበለች ትሰቅል ነበር። አልፎ አልፎ መድረክ ላይ ወጥታ ስትዘፍን ታወቀች፤ የቢትልሶች ማናጀር ብራያን ኤፕስታይንም አስፈረማት። በ1964 ሁለት ዘፈኖቿ እንግሊዝ ውስጥ ተራ በተራ አንደኛ ወጡ። ኤፕስታይን በ1967 ክረምት ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን የራሷ ፕሮግራም እንዲኖራት ከቢቢሲ ጋር ተነጋግሮላት ነበር፤ ያ ፕሮግራም በ1968 ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው አጎትሽ የዘለለው። በዚያ ፕሮግራም ላይ ሲላ ትዘፍናለች። ቴሌቪዥን የገባችው ዘፋኝ ሆና ነው። ዝነኛ ያደረጓት ሁለቱ የአቅራቢነት ሥራዎች የመጡት ከ16 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። «ሰርፕራይዝ ሰርፕራይዝ» በ1984 ጀመረ፤ ተራ ሰዎችን ያልጠበቁትን ደስታ የሚያደርሱበት፣ የተጠፋፋ ዘመድ የሚያገናኙበት ነበር። «ብላይንድ ዴት» በ1985 ተከተለ፤ ወንድና ሴት ሳይተያዩ ጥያቄ ተጠያይቀው የሚመራረጡበት የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም ነው። ይኼን እስከ 2003 መራችው። እንደምትለቅ የተናገረችውም በቀጥታ ስርጭት ላይ ነው፤ ድፍረቷ ይገርመኛል። በመሃል፣ በ1993፣ የሙያዋን 30ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ አልበም አውጥታለች። የታለ የጣለችው?

እዚያ ያቆያት ድምፅዋ ብቻ አይደለም። የሊቨርፑል አነጋገሯን ሳትለውጥ፣ ከአውቶቡስ የወረደውን ሰው ከጎኗ አስቀምጣ ታስቀዋለች። ሰውየው ካሜራውን ይረሳዋል።

አዝማሪ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ይኼን ያውቀዋል። እንግዳው ገና በር ላይ ሳለ ታይዋለሽ። ከማን ጋር መጣ? ሰው ይፈራል ወይስ ጨዋታ ይወዳል? ስሙን ጠይቀሽ ግጥም ታወርጂለታለሽ። ሞቅ ያለው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይወረውራል፤ ማሲንቆ የያዘው ልጅ ሳይንገዳገድ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። ግጥሙ ነገር ያለበት ከሆነ፣ ሌላው ጠረጴዛ እንዳይቀየም ማለዘብም የእሱ ፋንታ ነው። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍለት በደህና ድምፁ ብቻ እንዳይመስልሽ። ስቱዲዮ ውስጥ እንግዳ ሲደነግጥብሽ ወይም ነገር ሲያበላሽ የምታወጣሽ ይህቺው ችሎታ ናት። ጥያቄውን በወረቀት ጽፈው ይሰጡሻል፤ እንግዳው ግን እንደ ወረቀቱ አይመልስም። ባህል ቤቱን ከተውሽ ይኼ ነገር ይዶለዱማል። እኔ ሁለት ወር ከመድረክ ስርቅ ምላሴ ሲከብደኝ ይታወቀኛል።

የሚያስቸግርሽ ካሜራው ነው። ባህል ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲታየው ነው ፊትሽንም ትከሻሽንም የምታንቀሳቅሺው። ካሜራ ግን አፍንጫሽ ሥር ነው፤ ቅንድብሽን ከፍ ስታደርጊ ጮኸሽ የተናገርሽ ይመስላል። ዳይሬክተሩ «ቀንሺ» ሲልሽ ይውላል። ማይኩም ደረትሽ ላይ ነው፣ እንደ ሰርግ ቤት ድምፅሽን ከለቀቅሽው ይሰነጠቃል። መጠበቁ ደግሞ አለ። ሜካፕ ተቀብተሽ መብራት እስኪስተካከል ግማሽ ቀን ቁጭ ነው። ከዚያ «ያንኑ ሳቅ ድገሚው» ይሉሻል። ለዘፋኝ የሚያንገፈግፈው ጭብጨባ አለመኖሩ ነው። እኔ ካሜራማኑ ፈገግ ካለ እንደተሸለምኩ ነው የምቆጥረው።

አዲስ አበባ ጠቅልዬ ልግባ ወይ ላልሽው፣ የቀን መቁጠሪያ አውጪ። ሥራችን ወቅት አለው። ከገና በኋላ ሰርግ በሰርግ ነው። ጥር 11 ለጥምቀት ከተማው እንግዳ አይችለውም፣ ባህል ቤቱም እስኪነጋ ይሠራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ባህል ቤቱም ጭር ይላል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይመለሳል። ስለዚህ «ቀረጻውን ጾሙ ላይ ሰብስቡልኝ» በያቸው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙ ክፍል በተከታታይ ቀን ሊቀረጽ ይችላል፤ መብራትና ዲኮር አንዴ ተክሎ መጨረሱ ለእነሱም ይረክሳል። የፋሲካ ዝግጅትም ቢሆን የሚቀረጸው ጾሙ ውስጥ ነው፤ ዶሮ ወጡ ፊትሽ ተደርድሮ አትነኪውም! እኔ እንደዚህ ነው የምሠራው። በጥምቀት ሰሞን ከጎንደር የሚያወጣኝ ጣቢያ የለም።

አጎትሽ እንግሊዝ ድረስ ከሄደ፣ እኔ ደግሞ ከአገር ቤት አስናቀች ወርቁን ልጥራ። ክራሯን ይዛ ትዘፍናለች፣ መድረክ ላይም ትተውናለች። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች በሚጫወቱበት ዘመን ነው ደፍራ የወጣችው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ ዘፋኝም ተዋናይም ተብላ ነው የተሸኘችው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። በቴሌቪዥን ያየሽ ሰው ዘፈንሽን ትቶ ጨዋታሽን ይፈልጋል። ሰርግ ላይ አዲሱን ዜማሽን ስትጀምሪ «ያቺን ያሳቅሽንን ድገሚልን» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ያበሽቃል። አሁን ጨዋታዋን አስቀድሜ ሰጥቼ ዘፈኑን አስከትላለሁ።

ወደ ውሉ ልምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው በወር ነው በክፍል? ቀረጻ ሲሰረዝስ? ደግመው ሲያሰራጩትና ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑትስ? አንድ ጣቢያ፣ ስሙ ይቅር፣ «ስፖንሰር ሲገባ» እያለ ለወራት አንገላቶኛል። ስፖንሰሩ ገባ፣ ገንዘቡ እኔ ጋ አልደረሰም። የክፍያው ቀን ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።

የመክፈቻ ዜማ ዝፈኝልን ካሉሽም በሞቅታ እሺ እንዳትዪ። አቅራቢነቱ ለብቻ፣ ዜማው ለብቻ ይዋዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን፣ ማለትም የዘፋኝና የተዋናይንም መብት ይጠብቃል፤ አዋጁን የሚያውቅ ጠበቃ ውሉን ይይልሽ።

«ከጣቢያው ፈቃድ ውጭ መድረክ ላይ አትወጣም» የሚል አንቀጽ ካገኘሽ ግን አስሰርዢው። እምቢ ካሉ አትፈርሚ። ከፈለግሽ ገጹን ፎቶ አንሥተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ ማታ ከሥራ በፊት አየዋለሁ።