ሳይክል ባይኖርሽም ስለ ሳይክል ማውራት ትችያለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። የአይልትስ ፈተናሽ፣ ያ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያው፣ ደርሷል፣ በስፒኪንጉ (በንግግር ክፍሉ) ስለ ሳይክል ሊጠየቅ ይችላል ተብለሻል፣ አንቺ ደግሞ ሳይክልም የለሽ፣ መንዳትም አትችዪ፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን መልስ ልሸምድደው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ፈተናውን ወስጃለሁ፣ ከዚያ ወዲህም ለሚዘጋጁ ጓደኞቼ እንደ ፈታኝ እየሆንኩ አለማምዳለሁ። አትሸምድጂው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ነጥብ የሚሰጥሽ በአራት ነገር ነው። ሐሳብሽን ሳትደነቃቀፊ አያይዘሽ መናገርሽ፣ የቃላት ሀብትሽ፣ ሰዋስውሽ እና የድምፅ አወጣጥሽ። አራቱም እኩል ይመዘናሉ። ስለ ሳይክል ያለሽ እውቀት እዚህ ውስጥ የለም። ሳይክል አለሽ ወይ ስትባዪ «የለኝም» ብትዪ ማንም ነጥብ አይቀንስብሽም። የሚጎዳሽ «ኖ፣ አይ ዶንት» ብለሽ ዝም ካልሽ ነው።

እንደውም ልምምድሽን ከ«የለኝም» ጀምሪ። የምሬን ነው፣ ከ«አለኝ» ይልቅ ብዙ ያስወራል። ለምን የለሽም? መኪናው ያስፈራሻል? ቤት ውስጥ ማስቀመጫ የለም? ልጅ ሆነሽ የሚያስተምርሽ አጣሽ? አንዱን ያዢና ቀጥዪበት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ኖ፣ አይ ዶንት። አይ ኔቨር ለርንድ ቱ ራይድ ዋን፣ ቢኮዝ ማይ ፓረንትስ ዎር ወሪድ አባውት ዘ ትራፊክ። በት ኢፍ ዜር ዎር ሴፍ ባይክ ሌንስ፣ አይድ ላቭ ቱ ትራይ።» እይው እስቲ፣ ከባድ ቃል የለበትም። ግን ያለፈ ጊዜ አለው፣ ምክንያት አለው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ቢሆን ኖሮ» የሚል ግምት አለው። አንቺ የራስሽን ምክንያት አስገቢበት እንጂ ይሄንንም እንዳትሸመድጂው።

ሽምደዳ ያስታውቃል። ፍጥነቱ በድንገት ይጨምራል፣ ድምፁ የንባብ ድምፅ ይሆናል፣ ዓይን ሽቅብ ይሄዳል። ፈታኞች ደግሞ ይሄን ሲሰሙ ነው የሚውሉት። አንዷን ጓደኛዬን ሳለማምዳት ሳይክል ጥቅሙ ምንድን ነው ስላት ስለ አየር ብክለት ጥርት ያለ ንግግር አወረደችልኝ፣ በጣም ያምራል። ወዲያው «ሰው በዝናብ ጊዜስ ሳይክል ይነዳል?» ስላት ግን ቃል ጠፋት። ጥያቄው ቀላል ነበር፣ እሷም እንግሊዝኛ አጥታ አይደለም፣ ጭንቅላቷ ያንን ወረቀት እየፈለገ ስለነበር ነው። ወረቀቱን ከተወችው በኋላ አነጋገሯ እየቀለላት መጣ።

ታዲያ እንዴት ልለማመድ ካልሽ፣ ስልክሽን መቅጃ ላይ አድርጊና አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ መልሺው። አንዴ ሳይክል እንዳለው ሰው፣ አንዴ እንደሌለው፣ አንዴ ድሮ ኖሮት እንደተወው። ሦስተኛው «አይ ዩዝድ ቱ» የሚለውን አነጋገር ሳታስቢው ያመጣልሻል። ፈታኙ እውነቱን አያጣራም፣ ግን ከእውነተኛ ሕይወትሽ የወጣ ነገር ለመናገር ይቀላል፣ ስለዚህ በተቻለሽ መጠን የራስሽን ተናገሪ። ከዚያ የቀዳሽውን ስሚው። የት ቆምሽ? ምክንያት ሳትሰጪ ያለፍሽው የት ነው? ብዙዎቻችን መቅዳቱን እንቀዳለን፣ መስማቱን ግን እንሸሸዋለን፣ እኔ እንደማየው ለውጡ ያለው መስማቱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ለሳይክል «ራይድ» ነው የሚባለው፣ «ድራይቭ» አትበዪ፣ ይቺ ብዙ ሰው ታሳስታለች።

የስፒኪንግ ፈተናው በጠቅላላ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። ክፍል አንድ ላይ ስለ ራስሽ ሲጠይቁሽ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ክፍል ሁለት ላይ በሚሰጥሽ ርዕስ 1 ደቂቃ ታስቢና እስከ 2 ደቂቃ ታወሪያለሽ። እዚያ ሳይክል በቀጥታ ባይመጣ እንኳ ልጅ ሆነሽ የተማርሽው ነገር ወይም የተሰጠሽ ስጦታ ተብሎ ሊመጣ ስለሚችል የተለማመድሽው ወሬ ያገለግልሻል። በማሰቢያዋ ደቂቃ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ፣ ቁልፍ ቃላት ብቻ ጻፊ።

ትንሽ እውቀት የሚጠቅመው ክፍል ሦስት ላይ ነው። ጥያቄው ከአንቺ ይወጣና ወደ ከተማና ወደ መንግሥት ይሄዳል፣ ሰው ሳይክል እንዲነዳ ምን ይደረግ ይሉሻል። እኔ ኔዘርላንድስን ማንሳት ደስ ይለኛል። ሳይክሉ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ይሄ የመጣው ደግሞ ሰዉ በተፈጥሮው ሳይክል ወዳድ ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕፃናት በመኪና አደጋ መሞታቸው ወላጆችን አደባባይ አወጣ፣ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተጨመረበት፣ ከዚያ መንግሥት የሳይክል መንገድ በሰፊው መሥራት ጀመረ። ከዚህ አንድ ጥሩ መከራከሪያ ታገኛለሽ፦ መንገዱ ደህና ከሆነ ሰው ይነዳል፣ ምክር ብቻውን አያስነዳም። ይሄን በራስሽ ቀላል እንግሊዝኛ መናገር ከቻልሽ የተረፈው ጭማሪ ነው።

ጥያቄ ካልገባሽ እንዲደግሙልሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። እያወራሽ ቢያቋርጡሽም አትደንግጪ፣ ሰዓት ስላላቸው ነው፣ መልስሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዝም ብለሽ ቀጣዩን ጥያቄ መልሺ።