ወደ ጣና የሚያየው ሳሎን ለምን ሞቀ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ለሐይቁ ቅርብ በሆነ ቦታ ቤት ሠርተናል። ሳሎኑ በሰሜን ወደ ጣና፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ግቢው የሚያሳይ 2.40 ሜትር ከፍታ ያለው መስታወት አለው። ከየካቲት ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ስላልቻልን መጋረጃውን ዘግተን እንውላለን። በሐይቁ በኩል ያለውን መስታወት ጥቁር ፊልም እናስለጥፍበት ወይስ በግንብ እናጥብበው?

መልስ፦ እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት 11 ድረስ ቀጥተኛ የፀሐይ ጨረር የሰሜን ግድግዳዎን ጨርሶ አይነካውም። በቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ከአናት የምትርቀው ቢበዛ 12 ዲግሪ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃታል። በሐይቁ በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳና ቀኑን ሙሉ የማይዋዥቅ፣ ቤትዎ ካለው ሁሉ የላቀ ሀብት ነው፤ በፊልም ማጨለም ያሳዝናል።

የሚያሞቀው የምዕራቡ መስታወት ነው። ለማረጋገጥ ነገ በ10 ሰዓት ተኩል ወለሉ ላይ ያረፈውን ጨረር በጠመኔ ያክብቡና ከየትኛው መስታወት እንደመጣ ይመልከቱ። በመጋቢት በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ መስታወቱን በጣሪያ ብቻ ለመጋረድ ከ4 ሜትር በላይ የሚወጣ ክፈፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ሳሎኑን ያጨልመዋል። የውስጥ መጋረጃም አያድንም፤ ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ጨርቁን ካሞቀው በኋላ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ጥላው መሠራት ያለበት ከውጭ ነው።

እኔ የምመክርዎ ከመስታወቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ቀጥ ብለው የሚቆሙ የጣውላ ወይም የአልሙኒየም ዝርግ ቋሚዎችን ነው። ስፋታቸው 20 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 14 ሳንቲ ሜትር ይሁንና ሁሉም 45 ዲግሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዙሩ። እንዲህ ሲቆሙ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ጨረር ይከለክላሉ፤ ሳሎን የተቀመጠ ሰው ግን በመካከላቸው አሻግሮ ወደ ሐይቁ ያያል። ክረምት ሲገባ ፀሐይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትጠልቅ ጥቂት ጨረር ሊያመልጥ ይችላል፤ በዚያ ወቅት ደመናው ስለሚበዛ አያስቸግርዎትም።

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ስለሚነፍስ፣ በደቡቡ ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ወንፊት ያለው መክፈቻ ያስወጡ፤ የሞቀው አየር በዚያ በኩል ይወጣል። በምዕራቡ ግቢ ደግሞ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከግድግዳው 6 ሜትር ርቀት ላይ ማንጎ ይትከሉ። ችግኙ አድጎ ጥላ እስኪጥል ድረስ ቋሚዎቹ ብቻቸውን ሥራውን ይሸፍናሉ።