ስክሪኑ ፊት ምን ያህል እንቁም?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ለሰው ግንኙነት የተዘጋጀ የቪዲዮ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ እዚሁ ባሕር ዳር ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ተመለከትሁ። በጨለመ ክፍል ውስጥ ሁለት አሮጊቶች እጅ ለእጅ ሲያያዙ እጅግ በዝግታ ይታያል፤ ቃል አይናገሩም፤ ቆሜ ብጠብቅም ተመልሶ ከመነሻው ጀመረ እንጂ ወዴትም አልሄደም። ባለቤቴ «ዐረብ አገር ያለችውን ልጃችንን በየማታው በስልክ እያየን የምናወራው ከዚህ በምን ያንሳል?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ከፊልም በምን ይለያል? ምን ያህል ጊዜስ መቆም ይገባል?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የባለቤትዎ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳልና ለኋላ እናቆየው። ፊልም ተመልካቹን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይወስደዋል። የጋለሪ ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየተመላለሰ የሚታይ በመሆኑ ተመልካቹ በፈለገበት ሰዓት ይገባል፣ በፈለገበትም ይወጣል፤ ስለዚህም ሠሪውን የሚያስጨንቀው የታሪኩ ፍጻሜ ሳይሆን ስክሪኑ የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣና ተመልካቹ በምን በኩል እንደሚያልፍ ነው። ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀርመን፣ ቩፐርታል ከተማ የቴሌቪዥን መሣሪያዎችን ራሳቸውን የጥበብ ዕቃ አድርጎ ካሳየ ወዲህ ዘርፉ በዚህ መንገድ ሲሠራ ኖሯል።

ለምሳሌ ኢራናዊቷ ሺሪን ነሻት እ.ኤ.አ. በ1998 በሠራችው «ታርቡለንት» ሁለት ስክሪኖች በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በአንዱ ወንድ በወንዶች ለተሞላ አዳራሽ ይዘፍናል፤ በሌላው ሴት ለባዶ አዳራሽ ታዜማለች፤ በአገሯ ሴት ለብቻዋ በአደባባይ እንድትዘፍን አይፈቀድምና። በመካከል የቆመው ተመልካች አንዱን ሊያይ ሲዞር ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ሁለቱን ምስሎች በአንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ብናደርጋቸው ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ስለ ዝግታው ደግሞ አሜሪካዊው ቢል ቫዮላ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራውን «ሰላምታ» ማንሣት ይጠቅማል። መነሻው ማርያም ኤልሳቤጥን ስትጎበኝ የሚያሳይ የጣሊያናዊው የፖንቶርሞ ሥዕል ሲሆን፣ ታሪኩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የምናውቀው ነው። 45 ሰከንድ ገደማ የፈጀው ድርጊት በከፍተኛ ፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ተነሥቶ ወደ 10 ደቂቃ ያህል ተለጥጧል። ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ሦስተኛዋ ትመጣለች፤ አንዷን አቅፋ በጆሮዋ ስታንሾካሹክ፣ ከወሬው የተገለለችው ሌላዋ ሴት ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ይታያል። በተለመደው ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ይህን ለውጥ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ለጎጃም ሰው ረጅም ሰላምታ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገበያ መንገድ ላይ የተገናኙ ዘመዳሞች የልጁን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቀው እስኪጨርሱ ቀኑ ይመሻል። ይሁን እንጂ የተንቀራፈፈ ሁሉ ጥልቅ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር «ግንኙነት» የሚለው ርእስም ምንም ነገር ሊታጨቅበት የሚችል ሰፊ ከረጢት ሆኗል። ያዩት ሥራ በፍጥነት ቢሄድ ያመልጥዎ የነበረ ነገር ካሳየዎ ዝግታው ተገቢ ነበር፤ ካላሳየዎ ያለ ሐፍረት አልፈው ይሂዱ። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ከሥራው ስም ሥር ይጻፋል፤ አጭር ከሆነ አንድ ዙር ሙሉውን፣ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ጥቂት አይተው ሌላውን ጎብኝተው ቢመለሱ ይበቃል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ እንምጣ። አሜሪካውያኑ የጥበብ ሰዎች ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ ያሉ ሁለት የመንገድ ዳር መስኮቶችን ለሦስት ምሽቶች በሳተላይት አገናኙ። ማብራሪያ የሚሰጥ ጽሑፍ አልተለጠፈም፤ አላፊ አግዳሚው በሌላው ከተማ የቆመውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ በቁመቱ ልክ ያየዋል፣ ያነጋግረዋልም። በመጀመሪያው ምሽት የተገናኙት በአጋጣሚ ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ በሦስተኛው ግን ተራርቀው የኖሩ ቤተሰቦች ተቀጣጥረው መጡ። ራስን የሚያሳይ ስክሪን በዚያ አልነበረም። በስልክ ስናወራ ግን ዐይናችን በማዕዘን ወዳለችው የራሳችን ምስል ይሸሻል፣ ነጠላችንንም እናስተካክላለን። እናንተ ከልጃችሁ ጋር የምታወሩት ከማንኛውም ዐውደ ርእይ አያንስም፤ ጋለሪው የሚጨምረው የመጠኑን፣ የቦታውንና የዐይን አቅጣጫውን ለውጥ ነው። ዛሬ ማታ የራሳችሁን ምስል በወረቀት ሸፍናችሁ ብታወሩ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ በቀላሉ የሚባዛ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደ ሥዕል ይሸጣል?
መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ሠሪው የቅጂውን ቁጥር አስቀድሞ ይወስናል፤ 3 ወይም 5 ቢል ከዚያ በላይ አይሸጥም። ገዢው ከፋይሉ ጋር የተፈረመ የምስክር ወረቀትና የአሰቃቀል መመሪያ ይቀበላል፤ በስንት ስክሪን፣ በምን ያህል ስፋትና በምን ዓይነት ጨለማ እንደሚታይ በመመሪያው ይዘረዘራል። ፋይሉ ቢበላሽ ሊተካ ይችላል፤ ወረቀቱ ከጠፋ ግን መልሶ ለመሸጥ ያስቸግራልና ተማሪዎችዎ ሥራቸውን ሲያስረክቡ ወረቀቱንም ከወዲሁ መጻፍ ቢለማመዱ መልካም ነው።